ከደሴ ጉም ወደ ባንኮክ ወበቅ፦ የመጀመሪያዋን ቀን እንዴት እንለፋት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሐምሌ ሲቃረብ የዚህ አምድ ደብዳቤዎች መልካቸው ይቀየራል። እዚህ ወሎ ጉሙ ወርዶ ጭቃው ተነስቶ ሰው ጋቢ ደርቦ ቡና እየጠጣ ባለበት ሰዓት ግማሹ ወገናችን ደግሞ ወደ ሙቀት አገር ሻንጣ ያስራል፣ አንዱ ለህክምና አንዱ ለሥራ አንዱ እንዲሁ ዕድሉን ሊሞክር። ዘንድሮ ከመጡት ሦስት መርጠናል። የመጀመሪያው ረጅም ነው፣ መልሱም እንደዛው።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ አዘጋጆች። ከደሴ ነው የምጽፍላችሁ፣ ሸዋ በር አካባቢ። እማዬን ለጉልበቷ ህክምና ባንኮክ ልወስዳት ነው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ቪዛውም ትኬቱም አልቋል አልሀምዱሊላህ። 68 ዓመቷ ነው፣ ግፊትም ስኳርም አለባት (ኪኒን ነው የምትወስደው)፣ ከአዲስ አበባ ያለፈ አገር አታውቅም፣ እኔም ብሆን አውሮፕላን የማውቀው ከኮምቦልቻ ቦሌ ብቻ ነው። የሄዱ ሰዎችን ስጠይቅ አንዱ ገነት ነው ይለኛል፣ አንዷ ደግሞ ከኤርፖርት ስወጣ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ አልቅሼ ልመለስ ነበር ትለኛለች። ማንን ልመን? ሆስፒታሉ ቀጠሮ የሰጠን በደረስን ማግስት ጠዋት 1 ሰዓት ነው፣ ጊዜ እንዳናባክን ብዬ እኔው ነኝ የመረጥኩት። ደግሞ እማዬ ጋቢዬን ካልያዝኩ አልሄድም ብላለች፣ እኔ በዛ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርጋል እላታለሁ፣ ተኳርፈናል። እስኪ የመጀመሪያዋን ቀን እንዳለች ንገሩኝ። የእናቷ ልጅ ነኝ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ጋቢውን እንጨርሰው፦ እናትሽ ልክ ናቸው። አውሮፕላኑ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ነው፣ ባንኮክ ከደረሳችሁ በኋላም ታክሲው፣ የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል፣ የገበያ አዳራሹ፣ ሁሉም ኤሲውን እስከ ጥግ ነው የሚከፍቱት። ከውጪ በላብ ተነክሮ ገብቶ እዛ ብርድ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት መቀመጥ ለታመመ ጉልበት ጥሩ አይደለም። ጋቢው ይያዝ። አንቺም ነጠላ ነገር ያዢ። ይቅርታም ጠይቂያቸው እንግዲህ።

ወደ ዋናው ልምጣ። የነገሩሽ ሁለቱም ሰዎች አልዋሹሽም፣ ግን ሁለቱም የነገሩሽ ስለ ባንኮክ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ሰውነት ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያደረ ሰው ያየውን አገር አታምኚ፣ ጥሩም ቢለው መጥፎም ቢለው። ስለዚህ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ በአንድ ነገር እንድትስማሚኝ ነው፦ በደረሳችሁበት ቀን ምንም አትወስኚ። ሆስፒታል አትቀይሪ፣ ብዙ ብር አትመንዝሪ፣ ሆቴሉ አስጠላኝ ብለሽ ሌላ ፍለጋ እናትሽን አታንከራትቺ፣ ወንድሞችሽ ጋር ደውለሽ "መጥፎ ቦታ ላካችሁን" አትበይ።

ሰዓቱን አስቢው። ባንኮክ ከኛ በ4 ሰዓት ይቀድማል። ከቦሌ የሚነሳው ቀጥታ በረራ ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ግድም ይነሳና ዘጠኝ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ በርሮ ባንኮክ ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ያወርዳችኋል፣ የናንተ ሰውነት ግን ገና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ያውም ያልተኛ። ማታ 4 ሰዓት ተኙ ስትባሉ ሰውነታችሁ ገና 12 ሰዓት ነው፣ ደሴ ብትሆኑ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ማለት ነው፣ እንቅልፍ ከየት ይመጣል። አሁን ወደ ቀጠሮሽ ነይ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ያልሽው ለእናትሽ ሌሊት 9 ሰዓት ነው! ግፊታቸው ሲለካ ከፍ ብሎ ቢገኝ ምን ይገርማል፣ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ግፊት ያስጨምራል፣ ከዛ ሐኪሙ ግፊታቸው እስኪስተካከል ኦፕራሲዮን ይቆይ ቢል አንቺ ደግሞ ትደነግጫለሽ። ቀጠሮውን ቢያንስ በአንድ ቀን አስተላልፊው፣ ካልሆነም ከሰዓት በኋላ አድርጊው። አሁኑኑ ኢሜይል ብታደርጊ ይቀይሩልሻል፣ ከውጪ የሚመጣ ታካሚ የለመዱ ናቸው። የኪኒኑን ሰዓት እንዴት እንደምታሸጋሽጉ ደሴ ያለው ሐኪማቸው በወረቀት ይጻፍልሽ፣ በተለይ ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት ካለበት ንገሪው፣ ምክንያቱም ሙቀት ላይ እሱ ተጨምሮበት ሰውነት ቶሎ ይደርቃል። መድኃኒት በሙሉ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳይገባ።

አሁን ከመሄዳችሁ በፊት የምትጨርሻቸው ሁለት ነገሮች አሉ፣ እነዚህ ካልተስተካከሉ የመጀመሪያው ቀን ኤርፖርት ውስጥ ያልቃል። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው ይህን ካርድ ትጠይቃለች፣ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ ከ2016 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ደግሞ አንዴ የተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ስለዚህ በፊት የወሰደ ሰው ድጋሚ አያስፈልገውም። ግን ልብ በይ፣ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይህ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ እናትሽን ዝም ብለሽ ክትባት ጣቢያ አትውሰጃቸው፣ ሐኪማቸውን ቀድመሽ አማክሪ፣ መውሰድ የለባቸውም ካለ የሚጽፈውን ወረቀት ይዘሽ ቪዛ የሰጡሽን ሰዎች ጠይቂ። ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚሞላው የመግቢያ ፎርም ነው፣ ከግንቦት 2025 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ በወረቀቱ ፋንታ የመጣ፣ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ይሞላል። ነፃ ነው። ክፈይ የሚልሽ ገጽ ካጋጠመሽ የሌባ ነው ዝጊው።

እንግዲህ ወረዳችሁ እንበል። ኤርፖርቱ ሱቫርናቡሚ ይባላል፣ ሰፊ ነው፣ የሚያስኬድ ነው፣ ለጉልበት ህመምተኛ አይሆንም። ትኬት ቢሮ ሄደሽ ዊልቸር ያስመዝግቢላቸው፣ አይከፈልበትም፣ እናትሽ "እኔ ሽባ ነኝ እንዴ" ብለው እንደሚቆጡ አውቃለሁ፣ የወሎ እናት አይደሉ፣ ግን እሺ እስኪሉ ለምኚያቸው። ኢሚግሬሽን ሰልፍ ከመያዝሽ በፊት የጤና ቁጥጥር የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጠረጴዛ ፈልጊ፣ የክትባት ካርዱ እዛ ነው የሚታየው። የኛ ሰው ይህን ሳያውቅ ረጅሙን ሰልፍ ጨርሶ ተራው ሲደርስ ተመለስ ይባላል፣ ያን ጊዜ ነው ለቅሶ የሚመጣው።

ከዛ የውጪው በር ይከፈታል። አባቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ መነጽር አድርገው ነበር፣ በሩ ሲከፈት መነጽራቸው በአንዴ በእንፋሎት ተሸፈነ፣ ቆመው "ዓይኔ ጠፋ" አሉ። ያ ነው ወበቁ። ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትገቢ ኮት የምታወልቂው ዓይነት ሙቀት አይደለም፣ አየሩ ራሱ ውሃ አለበት፣ ስትተነፍሺው የሚከብድ ይመስላል። የሚገርመው ግን ባንኮክ ከባህር ወለል ብዙም ከፍ ያላለች ከተማ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ግድም ነው፣ ስለዚህ ኦክስጅኑ እዛ ከኛ ጋ ይበልጣል፣ እናትሽ "አየር አጠረኝ" ቢሉሽ አብዛኛው ጊዜ ሙቀቱና ድካሙ ነው፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጠሽ ውሃ ስጪያቸው። ግን ደረታቸውን ከወጋቸው ወይ አንድ እግራቸው ብቻ አብጦ ካመማቸው ከረጅም በረራ በኋላ ይህ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ነገ አትበይ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው፣ የአምቡላንስ ቁጥር 1669። ሁለቱም እግር እኩል ትንሽ ማበጡ ግን ከመቀመጥ ነው፣ ይለቃል። አውሮፕላን ውስጥ እያለሽ በየሰዓቱ ቁርጭምጭሚታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አድርጊ፣ ውሃም አይከልከሉ፣ ሽንት ቤት መመላለስ ይበዛብኛል ብለው እምቢ ይላሉና።

ታክሲ። መንገደኛ የሚወጣበት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀርቦ "ታክሲ ማዳም" የሚልሽን ሁሉ አልፈሽ አንደኛው ፎቅ ውረጂ፣ እዛ ቁጥር ያለው ወረቀት የሚሰጥ ማሽን አለ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር መኪናው የቆመበት መስመር ነው፣ ወረቀቱን እስክትወርጂ አትጣይው። ሜትር (የታክሲው ሂሳብ ቆጣሪ) ይከፈታል፣ ከ35 ባት (ባት የነሱ ገንዘብ ነው) ግድም ይጀምራል፣ የኤርፖርት 50 ባት ይጨመራል፣ የፈጣን መንገድ ክፍያ ካለም እሱ ያንቺ ነው፣ ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ሰው ሳያውቅ ይጣላል። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በታይ ፊደል ስልክሽ ላይ ያዢ፣ ሾፌሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብታሳዪው ላያነበው ይችላል፣ እኛስ በአማርኛ ያልተጻፈ ያነባል ብለን የባጃጅ ሹፌር እንጠብቃለን እንዴ።

መንገድ ላይ የምታዪው ነገር ግራ ያጋባሻል፣ ብታውቂው ይቀላል። ምሰሶ ላይ ጥምልምል ያለ የሽቦ ክምር፣ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚነዳ ሞተር፣ ነጭ ሽንኩርትና ዓሣ እየተጠበሰ ከመኪና ጭስ ጋር የተደባለቀ ሽታ። በየሕንፃው በር ላይ በምሰሶ የቆመች ትንሽዬ ቤት ታያለሽ፣ ከፊቷ አበባና ክፍት ቀይ ፋንታ ስትሮ ተደርጎበት ተቀምጧል፣ ለቦታው መንፈስ የሚቀርብ ነው፣ እኛ አገር አቦሉ ከመጠጣቱ በፊት የሚሉትን የሚያውቁ እናትሽ ከአንቺ በፊት ይገባቸዋል። ሐምሌ እዛም ዝናብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርድና መንገዱ ኩሬ ይሆናል፣ ከጫማ ይልቅ የማይንሸራተት ሰንደል ይሻላል። ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ ሌላ ነው፣ እናንተ ከ2018 ተነስታችሁ 2569 ትገባላችሁ፣ የነሱ ከፈረንጆቹ በ543 ይበልጣል፣ መድኃኒት ላይ ወይ ደረሰኝ ላይ 2569 ካየሽ አትደንግጪ። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የምንቆጥር ሰዎች በዚህ ልንገረም አይገባም ነበር።

ምግብ ላይ አጭር ልሁን። ሐላል ምልክት ያለበት ብዙ ነው፣ ሱኩምቪት የሚባለው ረጅም መንገድ ሶይ 3 አካባቢ የአረብ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል፣ (ሶይ ማለት የጎን መንገድ ነው፣ ጎዶሎ ቁጥሮቹ በአንድ ወገን ሙሉዎቹ በሌላው ናቸው፣ ይህን ካላወቅሽ ሶይ 4ን ከ3 አጠገብ ፈልገሽ ትደክሚያለሽ)። ኤርፖርቱም ውስጥ የሶላት ክፍል አለ። የሚያሰጋኝ ስኳሩ ነው፦ የሚሸጠው ቡናና ሻይ ብዙው ከጣፋጭ ወተት ጋር ነው የሚሰጠው፣ ለስኳር ህመምተኛ አንድ ብርጭቆ ይበቃል ለማሳመም። "ማይ ዋን" በዪ፣ ጣፋጭ አይሁን ማለት ነው። ቋንጣ ይዘሽ እንዳትሄጂ፣ ስጋ ያለ ፈቃድ አይገባም። የቧንቧ ውሃ አይጠጣም፣ የታሸገው በየማዕዘኑ ባሉት ሱቆች ርካሽ ነው።

ሆቴል ስትገቡ ሻወር፣ ቀለል ያለ ምግብ፣ ከዛ ቢተኙ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ መጋረጃውን ክፈቺ፣ ማታ 3 ሰዓት ድረስ እንደምንም አቆዪያቸው። ኤሲውን 25 ወይ 26 ላይ አድርጊው፣ ደሴን ለማስመሰል 17 ላይ አታድርጊ።

ጥያቄ፦ ከባቲ ነኝ። እኔም ባንኮክ ልሄድ ነው፣ ለዕቃ። ሙቀቱ 34 ዲግሪ ነው ሲሉኝ ሳቅሁ፣ ባቲ ሰኔ ላይ ሰኞ ገበያ ቆሞ የዋለ ሰው 34 ያስፈራዋል? ጓደኞቼ ትቀልጣለህ ይሉኛል፣ አንድ ፍየል ተወራርደናል። ማን ያሸንፋል?

መልስ፦ ወንድሜ ፍየሏን ከአሁኑ ፈልግ። ባቲ ደረቅ ሙቀት ነው፣ ጥላ ስር ስትገባ ይቀልሃል፣ ነፋስ ሲነፍስ ላብህ ይደርቃል፣ የሚያቀዘቅዝህ ያ መድረቁ ነው እንጂ ማላቡ አይደለም። ባንኮክ አየሩ እርጥበት ጠግቦ ስለዋለ ላብህ የሚሄድበት የለውም፣ ይወርዳል እንጂ አይተንም፣ ስለዚህ 34ቱ ሰውነትህ ላይ ከ40 በላይ ሆኖ ነው የሚሰማህ። ጥላም ብዙ አይረዳም። ሌሊቱም ከ25 ዲግሪ ብዙ አይወርድም፣ ባቲ ግን ሌሊት ደጅ ብትተኛ ትተነፍሳለህ። ፈትነው ከፈለግህ፣ ማታ ሸሚዝህን አጥበህ በረንዳ ላይ ስቀለው፣ ጠዋት ስትነካው እርጥብ ነው።

አንድ ብልጫ ግን አለህ፣ ሙቀት የለመደ ሰውነት ቶሎ ማላብ ስለሚጀምር ከደሴ ልጅ ቀድመህ ትለምደዋለህ፣ መላመድ ለማንም ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው የሚፈጀው። ግዢህን በመጀመሪያው ቀን አትጀምር፣ በድካም የተገዛ ዕቃ አገር ቤት ሲፈታ ነው የሚታየው። ጫት አገር ቤት ይቅር፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራም ካለህ እዛ የተከለከለ ነው። የስልክ ቻርጀርህ ባለ ሁለት ክብ እግሩ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ልጄ ዱባይ ከገባ ሳምንት አልሞላውም። በየቀኑ እየደወለ "እማ አገሩ እሳት ነው፣ ልመለስ" ይለኛል። የሄደበት ብር ብድር ነው። ቻለው ልበለው ወይስ ና ልበለው? ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። እናት ነኝ፣ ከመርሳ።

መልስ፦ እናቴ፣ ቻለውም ናም አይበሉት ለጊዜው። ቀድመው ይጠይቁት።

ዱባይ ከኛ በ1 ሰዓት ብቻ ነው የሚለየው፣ ስለዚህ የሰዓት ለውጥ አይደለም የሚያስጨንቀው። ሐምሌና ነሐሴ እዛ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ባህሩ አጠገብ ስለሆነ ወበቅም አለበት፣ የመርሳ ሙቀት ከሱ ጋር አይወዳደርም። ውጪ የሚሠራ ልጅ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው ዋነኛ አደገኞቹ፣ ሰውነቱ ገና አልለመደምና። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ "ቀትር ላይ ያሳርፏችኋል ወይ?" ይሁን። በዛ አገር ሕግ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ድረስ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት (የዱባይ ሰዓት ሆኖ በኛ አቆጣጠር) ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። የሚያሳርፉት ከሆነ፣ ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ካለ፣ ማታ የሚተኛበት ክፍል ኤሲ የሚሠራ ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት ይታገስና ያኔ ይወስን። ያኔ የሚወስነው ያረፈው ልጅዎ ነው፣ አሁን የሚያናግርዎ ግን እንቅልፍ ያጣ ነው። ውሃ ሳይጠማው ይጠጣ፣ ምግብ ላይ ጨው አይከልከል። ራሱን ቢያዞረው፣ ቢያስመልሰው፣ ሥራ አቁሞ ጥላ ይግባ፣ አለቃው ምን ይለኛል አይበል። አብሮት ያለ ሰው ደግሞ ንግግሩ ሲዘባረቅ ካየ 998 ደውሎ አምቡላንስ ይጥራ፣ እስኪመጣም ውሃ ያርከፍክፍበት።

ሁለተኛ ጥያቄዎ "ፓስፖርትህ የት ነው?" ይሁን። ይህን በተለይ አደራ። ልጆች ለእናት ሌላ ችግር መናገር ሲያፍሩ ሙቀቱ ነው ይላሉ። አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በዛ አገር ሕግ አይፈቀድም። ፓስፖርቱ ተወስዶ ከሆነ ወይ የተባለው ሥራና ያገኘው ሥራ ካልተገናኘ ይህ በመላመድ አይፈታም፣ ዱባይ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሄዶ ያመልክት፣ ብድሩ ላይ ደግሞ እዚህ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይምከርበት።

ቀን ላይ ባይደውሉለት ጥሩ ነው፣ ያቺን የእረፍት ሰዓት ይተኛባት። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ይደውሉ፣ በልቶ ታጥቦ ይሆናል።